በላብ ያጠመቀኝ ቃል

ልጆቼ፣ 30 ዓመት በአስተርጓሚነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። እንግሊዝኛ ስታወሩ ስሰማ አንድ ነገር ልንገራቸው እልና እተወዋለሁ። ዛሬስ አልተውም።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። አንድ እንግዳ ይዤ መንገድ ልንወጣ ስንል «ፎቶግራፈሩ እስኪመጣ እንጠብቅ» አልኩት፣ በእንግሊዝኛ። ፎ-ቶ-ግራ-ፈር። ሁሉንም እኩል አድርጌ፣ አንዷንም ሳልበድል። «ማን?» አለ። ደገምኩት። «ማን?» ጆሮው የደከመ መስሎኝ ጮህኩ። ሾፌሩ ሳቁን ይታገላል። በእጄ ካሜራ ሠርቼ ጠቅ ሳደርግ ነው «አሃ፣ ፈ-ቶ-ግረ-ፈር!» ያለው። «ቶ» ላይ ተጫነ፣ ሌላውን ዋጠው።

እኛ ለሁሉም ቀለም፣ ማለት ለእያንዳንዷ የቃል ቁራጭ፣ እኩል እናጎርሳለን። እንግሊዝኛ ግን ያዳላል። አንዱን ያጠግባል፣ የቀሩትን ያስርባል። ደግሞ ቤት ይቀያይራል፤ «ፎቶግራፍ» ሲባል ክብደቱ «ፎ» ላይ ነው፣ «ፎቶግራፈር» ሲባል «ቶ» ላይ፣ «ፎቶግራፊክ» ሲባል «ግራ» ላይ።

አይግረማችሁ፣ እኛም የማይጻፍ ነገር አለን። «ገና» ስትጠብቅ በዓል ናት፣ ስትላላ ሌላ። የእንግሊዝኛው «ሪከርድም» እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያው ሲከብድ ስም፣ መጨረሻው ሲከብድ ግስ። አብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው «ታዲያ ተነሽና ወዳቂ አትለኝም!» አለኝ። በግእዝ ንባብ ቃሉ እንዴት ተነሥቶ እንዴት እንደሚወድቅ የሚለዩበት ስም ነው፤ ስንቴ ተቆንጥጦበታል።

ረጅም ቃል ሲገጥማችሁ አትሩጡ። መዝገበ ቃላት ላይ፣ በቅንፍ ወይም በሁለት እዝባር (/ /) መሃል ከተጻፈው አነባበብ ውስጥ፣ ከከባዱ ቀለም በፊት ከፍ ብላ የተሰመረች ትንሽዬ ጭረት አለች። እሷን ፈልጉ። ከዚያ ጠረጴዛውን በጣታችሁ እየመታችሁ ቁጠሩ። ኢ-ሌክ-ትሪ-ሲ-ቲ፤ 5 ምት፣ ሦስተኛዋ ጠንከር ትላለች። በ«ሽን» የሚያልቁት ቀላል ናቸው። ክብደቱ ከ«ሽን» በፊት ያለው ላይ ነው፤ ኤዱኬሽን «ኬ» ላይ፣ ኢንፎርሜሽን «ሜ» ላይ። ቴሌቪዥን ግን ዘመዳቸው መስሎ ያታልላል፤ የሱ «ቴ» ላይ ነው።

እንደ አሜሪካን በአፍንጫችሁ አውሩ አላልኩም፤ እሱ ያስቀኛል። እኔ እስከ ዛሬ «ር»ን እንደ አገሬ ሰው አንቀጥቅጬ ነው የምላት። «ቶ» ላይ ከተጫንኩ ወዲህ ግን «ማን?» ያለኝ የለም።