ድሬዳዋ ተቀምጦ የባሕር ሞዴል ማስኬድ ሥራ ያስገኛል?

የዛሬዋ ጠያቂ ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ የምትማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የጻፈችልኝ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ለመመረቂያ ጽሑፌ የውቅያኖስ ሞዴል መረጥኩ። ኤም.አይ.ቲ.ጂ.ሲ.ኤም የሚባለውን አውርጄ ላፕቶፔ ላይ ኮምፓይል ላድርገው (ኮዱን ወደሚሄድ ፕሮግራም ልቀይረው) ስል ኤረሩ ማለቂያ የለውም። አማካሪዬ ዘርፉ ስላልሆነ ብዙም ሊያግዘኝ አልቻለም። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ‹ባሕሩ ያለው ጅቡቲ፣ አንቺ ያለሽው ድሬ፣ ምን አገናኛችሁ?› ይለኛል። አንድ ባንክ የጀማሪ ሠራተኛ ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ተመዝገቢ እያለኝ ነው። ልተወው ወይስ ልግፋበት?»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አትተዪው። ባንኩም ላይ ተመዝገቢ። ሁለቱ አይጣሉም።

መጀመሪያ የአባትሽን ጥያቄ እንመልስ። ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም፤ ነገ ቃለ መጠይቅ ላይም ያንኑ መጠየቅሽ አይቀርም። አገራችን ላይ የሚዘንበው ዝናብ እርጥበቱን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሩቅ ባሕር ነው። የባሕሩ ወለል ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የእኛም ወቅት አብሮ ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የፓሲፊክ ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ኤልኒኞ የሚባለው ማለት ነው፣ ክረምታችን ተዳክሞ ብዙ አካባቢ ድርቅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ደግሞ የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሞቆ ምሥራቃዊው ቀዘቀዘና ምሥራቅ አፍሪካ በዝናብ ተጥለቀለቀ። እርጥበቱ ለበረሃ አንበጣው ተመቸው። በ2012 ዓ.ም. ገና ሰሞን ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ ገጥሞት ማረፍ ሳይችል ቀርቶ አዲስ አበባ ሄዶ አርፏል። አባትሽ ያን ሰሞን በደንብ ያስታውሱታል። ለእሳቸው ሞዴሉን ሳይሆን ይህንን አስረጂያቸው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ድሬ ላይ ስለ አየር ንብረት ስታወሪ ሰው ሁሉ የሚያስበው በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነው። ከ200 በላይ ሰው የሞተበት ሌሊት ነው። «የእኔ ሞዴል ይህንን ይተነብያል» እንዳትዪ። ያ ጎርፍ የመጣው ከከተማው በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ ላይ በወረደ ከባድ ዝናብ ነው። እሱን ለመከታተል የዝናብ መለኪያ፣ የወንዝ ሞዴልና የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያስፈልጋል። የውቅያኖስ ሞዴል የሚያግዘው ከዚያ ራቅ ብሎ ነው፦ ወቅቱ ወደ እርጥብ ወይስ ወደ ደረቅ ያዘነብላል ለሚለው ጥያቄ። ይህን ልዩነት ለይቶ የሚናገር ተመራቂ ይታመናል።

አሁን ወደ ኤረሩ። የላክሽልኝን የስክሪን ፎቶ አየሁት። «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» የሚል መስመር ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ የጎደሉት ስሞች በሙሉ በ«ኤንኤፍ አንደርስኮር» ይጀምራሉ። ይህ ኮድሽ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ኮምፓይለሩ ሥራውን ጨርሷል። የተሰናከለው መጨረሻ ላይ ያለው የማገናኘት ደረጃ፣ ማለትም ሊንከሩ ነው። ሞዴሉ የተጻፈው በፎርትራን ቋንቋ ነው፤ ሊንከሩ የኔትሲዲኤፍን (የሳይንስ ዳታ ፎርማት ነው) የፎርትራን ላይብረሪ ፈልጎ አጣው። ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ የሲ ቋንቋው እና የፎርትራኑ ላይብረሪ ለየብቻ የሚጫኑ ፓኬጆች ናቸው። የሲውን ብቻ ጭነሽ ከሆነ የሚመጣው ልክ ይኸው ኤረር ነው። ሁለቱንም ጭነሽም ካልሠራ ላይብረሪው የተሠራበትን ኮምፓይለር ተመልከቺ። በአንዱ ኮምፓይለር የተሠራን የፎርትራን ሞጁል ፋይል ሌላው አያነበውም።

ወደፊት የምታገኚውንም አንድ ልጨምርልሽ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂ.ሲ.ሲ 10 የሚባለው ኮምፓይለር ከዚያ በፊት በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፋቸው የነበሩ የአርጊዩመንት አለመመሳሰሎችን ኤረር አደረጋቸው። በዚህ የተነሳ ድሮ ያለችግር ኮምፓይል ይሆን የነበረ የፎርትራን ኮድ ዛሬ ላፕቶፕሽ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። «ታይፕ ሚስማች» የሚል ካየሽ ኮዱን እየከፈትሽ አትነካኪ። አለመመሳሰሉን እንዲያልፍ የሚያዝ የኮምፓይለር አማራጭ አለ፤ «አላው አርጊዩመንት ሚስማች» ይባላል።

ልምድ አድርጊው፦ ኤረር ሲመጣ የሚነበበው የመጨረሻው መስመር ሳይሆን የመጀመሪያው ነው። ብዙ ጊዜ ከታች የተደረደረው ሁሉ የእሱ ውጤት ነው። ስለዚህ የሜክን (ኮዱን የሚገነባውን ትዕዛዝ) ውጤት በሙሉ ወደ ፋይል አስቀምጪና ከላይ ጀምረሽ ፈልጊ። አንድ ነገር በቀየርሽ ቁጥርም የቢልድ ፎልደሩን አጽድተሽ እንደ አዲስ ጀምሪ። ከቀድሞ ሙከራ የተረፈ ፋይል የማይገባ ኤረር እየፈጠረ ቀንሽን ይበላዋል።

የእኔ ምክር ግን ከዚህም ይቀላል። ለጊዜው ኔትሲዲኤፍን እርሺው። ከሞዴሉ ጋር አብረው ከሚመጡት ምሳሌዎች ውስጥ «ባሮትሮፒክ ጃይር» የሚባለው አያስፈልገውም፤ ውጤቱን በራሱ የባይነሪ ፎርማት ይጽፋል። ዳታ ለመቆጠብ ኮዱን በጊት (የኮድ ቅጂዎችን በሚይዘው መሣሪያ) ስታወርጂ ሙሉ ታሪኩን ተዪና የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ውሰጂ። ከዚያ ቅደም ተከተሉ አጭር ነው፦ ጄንሜክ 2፣ ሜክ ዲፔንድ፣ ሜክ። ሲሳካ ቢልድ ፎልደሩ ውስጥ «ኤም.አይ.ቲ.ጂ.ሲ.ኤም.ዩ.ቪ» የሚል አንድ ፋይል ይወጣልሻል። የምታስኬጂው እሱን ነው።

ምሳሌው ራሱ ደስ ይላል። ጎንና ጎኑ 1,200 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 5,000 ሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ባሕር ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ሳጥኖች ተከፋፍሏል። ላዩ ላይ ነፋስ ይነፍሳል። በቃ። ነፋሱ በምሥራቅም በምዕራብም እኩል ነው፤ ሞዴሉን በቂ ጊዜ ስታስኬጂው ግን ውኃው በምዕራቡ ዳርቻ ላይ ተጠጋግቶ በጠባብ፣ በኃይለኛ ጅረት ሲሮጥ ታያለሽ። ምክንያቱ የምድር መሽከርከር ውኃው ላይ ያለው ጫና ከኬክሮስ ኬክሮስ መለያየቱ ነው። የውቅያኖስ ተመራማሪው ስቶሜል እ.ኤ.አ. በ1948 በወረቀት ያሳየውን ነገር አንቺ ላፕቶፕሽ ላይ ታዪዋለሽ። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ የሶማሌ ጅረት አለ። እሱ ከሌሎቹ የሚለየው ከሞንሱኑ ነፋስ ጋር በየወቅቱ አቅጣጫውን መገልበጡ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ ከፈለግሽ ከዚህ የተሻለ አላውቅልሽም፦ ያንኑ ትንሽ ባሕር ወስደሽ ነፋሱን በየወቅቱ ስትገለብጪው ጅረቱ ምን ይሆናል? ትንሽ ጥያቄ ነው፣ ላፕቶፕ ይበቃዋል፣ ለምን እንደጠየቅሽውም ለማንም ማስረዳት ትችያለሽ።

ሠራ ብለሽ ግን ወዲያው አትደሰቺ። «ኤክሰኪዩሽን ኤንድድ ኖርማሊ» የሚል መስመር መጨረሻ ላይ ማየት ፕሮግራሙ ሳይሰናከል ጨረሰ ማለት ብቻ ነው። ከምሳሌው ጋር «ሪዘልትስ» በሚል ፎልደር ውስጥ የማመሳከሪያ ውጤት አብሮ ተቀምጧል። ከእሱ ጋር አነጻጽሪና ቁጥሮችሽ እስከ ስንተኛው አሃዝ ድረስ እንደሚገጥሙ ጻፊ። «ቴስትሪፖርት» የሚባለው ስክሪፕት ይህንን ራሱ ይሠራልሻል። ሥራ ፈላጊዎችን ሳማክር ደጋግሜ የማየው ክፍተት እዚህ ላይ ነው። ሞዴል አስኬጃለሁ የሚል ብዙ ነው፤ ትክክል መሆኑን እንዴት አረጋገጥክ ሲባል የሚመልስ ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ መነካካት ትጀምሪያለሽ፤ ይፈነዳብሻልም። ቁጥሮቹ በሙሉ «ናን»፣ ማለትም ቁጥር ያልሆነ ነገር፣ ይሆናሉ። ያኔ መጀመሪያ የሰዓት እርምጃውን ተመልከቺ። ምሳሌው በ1,200 ሰከንድ እርምጃ ነው የሚሄደው። ውኃው በሰከንድ 1 ሜትር ቢሄድ በአንድ እርምጃ 1.2 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ለ20 ኪሎ ሜትር ሳጥን ምንም አይደለም። ሳጥኑን ወደ 1 ኪሎ ሜትር አጥብበሽ እርምጃውን ሳትነኪ ከተውሽው ግን ውኃው በአንዴ ሳጥኑን ዘሎ ያልፋል። የሒሳብ ሊቃውንቱ ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ እ.ኤ.አ. በ1928 ያስቀመጡት ገደብ ይኸው ነው። ሒሳቡንም አስቀድመሽ ሥሪ፦ የሳጥኑን ጎን በግማሽ ስትቀንሺ ሳጥኖቹ በአራት እጥፍ ይበዛሉ፣ እርምጃውም በግማሽ ያጥራል። ድካሙ ስምንት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አንድ ሌሊት የፈጀው ስምንት ሌሊት ይፈልጋል።

መብራት ይጠፋል፣ ሙቀቱም አለ። ለመብራቱ መፍትሔው ሞዴሉ ውስጥ ነው። በየተወሰነ ጊዜ የደረሰበትን «ፒክአፕ» በሚባል ፋይል ላይ እንዲያስቀምጥ እዘዢው። መብራት ሲመጣ ከቆመበት እርምጃ ቁጥር ታስነሺዋለሽ። ለሙቀቱ ደግሞ ረጅሙን ሥራ ማታ ጀምሪው፤ ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። ኮምፒውተርሽ አራት ኮር ካለው ሥራውን ለኮሮቹ በሚያከፋፍለው ኤም.ፒ.አይ ከፋፍለሽ ማስኬድ ትችያለሽ፦ ምሳሌው ከዳርና ዳሩ የግድግዳ ሳጥኖች ጋር 62 በ62 ስለሆነ 31 በ31 የሆኑ አራት ቁራጮች ይወጡታል። «ሳይዝ» በሚለው ፋይል ውስጥ የጻፍሽው የፕሮሰስ ብዛት ስታስነሺው ከምትሰጪው ቁጥር ጋር ካልገጠመ ግን አይሄድልሽም።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ሲቪሽ ላይ ስለሚገባ ነው። ከሲቪሽ ጋር የላክሽልኝ «ሊኑክስና ፎርትራን አውቃለሁ» የሚለው መስመር ምንም አይነግርም። በእሱ ፈንታ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «የውቅያኖስ ሞዴል ከምንጭ ኮዱ ኮምፓይል አድርጌ በአራት ፕሮሰስ አስኬጃለሁ፤ ውጤቱን ከማመሳከሪያው ጋር አነጻጽሬ አረጋግጫለሁ፤ አሠራሩንና የገጠሙኝን ኤረሮች ሰንጄ ጊትሀብ ላይ አስቀምጫለሁ።» ጊትሀቡ ላይ የኮምፓይለሩን ቨርዥን፣ የተጠቀምሽባቸውን ትዕዛዞች፣ የቀየርሽውን ፋይልና አንድ ሁለት ሥዕል አስቀምጪ። ሌላ ሰው ያንን ተከትሎ ያንቺን ውጤት ማግኘት ከቻለ ሥራ ሠርተሻል።

ሥራው የት አለ? እውነቱን ልንገርሽ፣ «የውቅያኖስ ሞዴል ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ድሬ ላይ ተለጥፎ አታገኚም። ችሎታው ግን ይፈለጋል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ናይሮቢ አጠገብ የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል፣ ኢክፓክ፣ ለቀጣናው የወቅት ትንበያ ያወጣል። ግድብ፣ መስኖና ጎርፍ ላይ የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶችም ሊኑክስ ላይ ትልቅ ኮድ ማስኬድ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። ትምህርቱን መቀጠል ከፈለግሽ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሚቲዎሮሎጂ ያስተምራል። ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው ዓለም አቀፍ የፊዚክስ ማዕከል፣ አይ.ሲ.ቲ.ፒ፣ ደግሞ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ወጪያቸውን ሸፍኖ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል፤ ከዘርፎቹ አንዱ የምድር ሥርዓት ፊዚክስ ነው። ሬግሲኤም የሚባለው የአካባቢ አየር ንብረት ሞዴል መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ቢሠራም ቆይቶ የዳበረው እዚያው ነው። ለአንቺ የምመርጥልሽ ይህንን በር ነው። የፊዚክስ ዲግሪና ጥሩ ጊትሀብ ይዘሽ ብትቀርቢ ማመልከቻሽ ክብደት ይኖረዋል።

ባንኩን በተመለከተ፣ ቤት ውስጥ ገንዘብ የሚያስፈልግ ከሆነ ሥራውን ያዢ። ቀን ባንክ፣ ማታ ሞዴል ይቻላል፤ ሌሊቱን የሚሠራው ላፕቶፑ ነው። የማይቻለው ጽሑፍሽን ሳትጨርሺ መግባት ነው። ስለዚህ አሁን ተመዝገቢ፣ ፈተናውን ተፈተኚ፣ ሥራ መጀመሪያው ከምረቃ በኋላ እንዲሆን ጠይቂ። እንቢ ካሉሽ ጽሑፍሽን አስቀድሚ። ያለ ዲግሪ ባንኩም ትሪየስቴም አይሆኑም።

አማካሪሽን አትውቀሺ። ዘርፉን ለሚያውቅ ተመራማሪ ራስሽ ኢሜይል ጻፊ። ማነሽ፣ ምን ሞክረሽ የት ቆምሽ፣ የምትፈልጊው አንድ ጥያቄ ምንድን ነው፤ ከዚህ አይብዛ። «እባክዎ ይርዱኝ» ብቻ የሚል መልዕክት መልስ አያገኝም። የኤረሩን የመጀመሪያ መስመር በጽሑፍ አስገቢ፤ የስክሪን ፎቶ ማንም ኮፒ አድርጎ ሊፈልገው አይችልም። ሳምንት ጠብቀሽ መልስ ካጣሽ አንዴ አስታውሺ፣ ከዚያ ለሌላ ሰው ጻፊ።