እርዱ የካንሰር ሕዋስ ጋ ሲደርስ ምን ይሆናል? የሐዋሳ አባላት ጥያቄና መልስ

ፋርማኮሎጂ፣ ማለትም መድኃኒት ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ አስተምራለሁ። ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ የካንሰር ሕዋስ ከዕፅዋት የሚገኙ ንጥረ ነገሮችን ምን እንደሚያደርጋቸው ጠይቁኝ፤ ከየትኛው ሰፈር እንደሆናችሁም ጻፉ። አስቀድሜ ግን አደራ፦ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) የጀመረ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምንም ቅጠል አይጨምር።

ከታቦር፦ እርድ በላብራቶሪ የካንሰር ሕዋስ ይገድላል ይባላል። ታዲያ ለምን መድኃኒት አልሆነም?

ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ላብራቶሪ ውስጥ እርድ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ ኩርኩሚን፣ በቀጥታ ሕዋሱ ላይ ይፈሳል። ሰው ሲውጠው ግን የአንጀት ግድግዳና ጉበት ቀድመው ይይዙታል። ግሉኩሮኒክ አሲድ ወይም ሰልፌት የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች ይለጥፉበትና ቶሎ ከሰውነት ይወጣል። በቀን 8 ግራም የወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ እንኳ የተገኘው እጅግ ጥቂት ነው።

ያመለጠችው ጥቂትም ቢሆን አይቀናትም። አንዳንድ የአንጀት ካንሰር ሕዋሶች ያንኑ የመለጠፊያ ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ራሳቸው ይሠራሉ። ሽፋናቸው ላይ ደግሞ የገባውን መልሶ የሚያስወጣ ፓምፕ አለ።

ግን ሕዋሱ ሁሌ አያከሽፍም። የወይን ቆዳ ውስጥ ያለውን ሬስቬራትሮል ውሰዱ። በብዙ ዕጢዎች ውስጥ በብዛት የሚገኝ ሲዋይፒ 1ቢ1 የሚባል ኢንዛይም ወደ ፒሲያታኖል ይለውጠዋል። ፒሲያታኖል ደግሞ በላብራቶሪ ካንሰርን የሚዋጋ ነው። ሕዋሱ ጠላቱን በገዛ እጁ አዘጋጀ ማለት ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ከአቶቴ፦ ዶክተር፣ እርዱን ከቁንዶ በርበሬ ጋር ብንወስደውስ?

በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ 2 ግራም ኩርኩሚን ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ካለው ፒፔሪን 20 ሚሊግራም ጋር የወሰዱ ሰዎች ሰውነት ውስጥ የገባው ኩርኩሚን በ2,000 በመቶ ጨምሯል። ፒፔሪን መለጠፊያውን ስለሚያግድ ነው። ግን የሌሎች መድኃኒቶችንም መወገጃ ያግዳል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው በራሱ አይሞክረው!

ከፒያሳ፦ ሽፈራው ለካንሰር ጥሩ ነው?

ለየትኛው ካንሰር? ሻይው ነው ዱቄቱ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ከመናኸሪያ፦ አክስቴ ሽፈራው ጠጥታ ድናለች።
ከታቦር፦ ቀዶ ሕክምናውንስ ለምን አትነግረንም? ሽፈራው ብቻውን ነው ያዳናት?
ከመናኸሪያ፦ ሁለቱንም ነው እንጂ!

እባካችሁ፣ ወደ ጥያቄው።

ከአቶቴ፦ ከሀገራችን ተክል የተገኘ መድኃኒት አለ?

አለ እንጂ! ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሰበሰበ የአጣጥ ቁጥቋጦ ዘመድ ሜይታንሲን የሚባል መርዝ ተለየ፤ ግኝቱ በ1972 እ.ኤ.አ. ታተመ። ብቻውን ለሕሙማን ሲሰጥ መርዝነቱ በዛ። በኋላ የሱን ተዋጽኦ የጡት ካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚይዝ፣ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ከሚባል ፕሮቲን ጋር አያያዙት። ሕዋሱ ይውጠዋል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው መፍጫ ፀረ እንግዳ አካሉን ይፈጨዋል፤ መርዙ እዚያው ይለቀቃል። ይህ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ በ2013 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። እዚህም ፓምፕ ያላቸው ሕዋሶች መርዙን አውጥተው ሊያመልጡ ይችላሉ። አጣጥ ቀቅሎ መጠጣት ግን ፈጽሞ! መርዝ ነው።

ከፒያሳ፦ ተክሉ የእኛ ከሆነ ትርፉስ የማን ነው?
ከታቦር፦ መድኃኒቱን የሠሩት እነሱ ናቸው እኮ።
ከፒያሳ፦ ሥሩ ከየት መጣና?

ስለ ባለቤትነቱ ሌላ ቀን እናውራ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ከመናኸሪያ፦ ጤና አዳምስ ለካንሰር ይሆናል?

እንደ ሽፈራው ነው የጠየቅሽኝ፤ መልሴም ያው ነው። አክስትሽ ግን አሁንም መድኃኒት ላይ ከሆኑ የሚጠጡትን ሁሉ ጻፊና ለሐኪማቸው አሳዪ። ዛሬውኑ።