አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ምርመራ፦ ለወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በዙሪያቸው ባሉ ሆስፒታሎች ሥራ ለጀመራችሁ የሙያ ልጆቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ እንደ ሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴል የማጭድ ቅርጽ የሚይዝበት) እና ታላሴሚያ (ሰውነት በቂ ሂሞግሎቢን የማይሠራበት) ስላሉ በዘር የሚተላለፉ የደም ሕመሞች ምርመራ፣ ይልቁንም ያ ምርመራ ራሱ ስለሚመዘንበት መንገድ ነው። በስኳር መጠን ላይ ዛሬ ብትሳሳቱ ታካሚው በሚቀጥለው ቀጠሮው እንደገና ስለሚለካ ስሕተቱ ይታረማል፤ «የሲክል ሴል ተሸካሚ ነው» (ራሱ ሳይታመም ለልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል ማለት ነው) ወይም «ታላሴሚያ የለበትም» ብላችሁ የጻፋችሁት ግን፣ ውርስ አይለወጥምና ድጋሚ የሚያዝለት ሐኪም ሳይኖር በካርዱ ላይ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ትዳር ሲያስብም ሆነ ልጅ ሲወልድ የሚያወጣው ያንኑ ወረቀት ነው። ብዙዎቻችን ፓነል የምንለው፣ ከውጭ የሚላክ የጥራት ምዘና ናሙና ለዚህ ምርመራ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

«ይህ የእኛ አካባቢ በሽታ አይደለም» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። በእርግጥ ሲክል ሴል በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚታየው በምዕራቡ ቆላ ሲሆን በወሎ ደጋ ብርቅ ነው። ነገር ግን ተማሪው ለዩኒቨርሲቲ፣ ሠራተኛው ለፋብሪካ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ደግሞም አደጋው ብርቅ መሆኑ ራሱ ነው፤ የወባ ስላይድ ደጋግሞ ያየ ዓይን ይሠለጥናል፣ ከስንት አንዴ የሚሠራ ምርመራ ግን ይረሳል።

ቀላሉ የሶሉቢሊቲ (የመሟሟት) ምርመራ የሲክል ሴል ሂሞግሎቢን የሆነው ሂሞግሎቢን ኤስ መኖሩን ይጠቁማል እንጂ ተሸካሚውን ከታማሚው አይለይም፤ ከ6 ወር በታች ባለ ሕፃን ደግሞ የፅንስ ሂሞግሎቢኑ ገና ብዙ ስለሆነ ኔጌቲቭ ውጤቱ አይታመንም። የሂሞግሎቢን ዓይነቶችን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለየው ኤሌክትሮፎረሲስ ከዚህ ይሻላል፤ ሆኖም በአልካላይን ዘዴ «ዲ» የተባለው ሌላ የሂሞግሎቢን ዓይነት፣ «ኤስ» በሚቆምበት ቦታ ላይ ይቆማል። ታስቦበት የተዘጋጀ ፓነል እንዲህ ያለውን ናሙና ይልክላችኋል። በጄሉ ላይ የቆመውን መስመር (ባንድ) ብቻ አይቶ «ኤስ» ያለ ይወድቃል፤ ሶሉቢሊቲው ኔጌቲቭ ሲሆንበት ተጠራጥሮ በአሲድ ጄል ወይም በሌላ ዘዴ ያረጋገጠ ያልፋል። የሚመዘነው ማሽኑ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚነት በአብዛኛው የሚታወቀው በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም በጥቂቱ በሚገኘው በሂሞግሎቢን ኤ2 መጠን ነው፤ ብዙ ላቦራቶሪዎችም ድንበሩን 3.5 በመቶ ያደርጋሉ። ማሽናችሁ ዘወትር 0.3 ዝቅ አድርጎ የሚያነብ ከሆነ፣ 3.7 የነበረው ሰው 3.4 ሆኖ «ነጻ» ተብሎ ይሸኛል። በምዘናው ሪፖርት ላይ ዜድ ስኮር፣ ማለትም ውጤታችሁ ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከዜሮ በላይም ሆነ በታች ከ2 ካልበለጠ ተቀባይነት አለው ይባላል (አለቆቻችንም ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ መስቀል ይወዳሉ)፤ ነገር ግን ነጥቦቻችሁ በየዙሩ ከዜሮ በታች ብቻ የሚያርፉ ከሆነ ወረቀቱን ፋይል አድርጋችሁ አትለፉት፣ ካሊብሬሽኑን (የማሽኑን የልኬት ማስተካከያ) እና ሪኤጀንቱን (የምርመራ ኬሚካሉን) መርምሩ። ፓነል የማያሳያችሁም አለ፦ የብረት እጥረት ኤ2ን ዝቅ ያደርጋል፣ በቅርቡ የተሰጠ ደምም ውጤቱን ያደበላልቃል። ይህን ታካሚውን ጠይቃችሁ ካልሆነ አታገኙትም።

ፓነል ሲመጣ ለጎበዙ ባለሙያ ብቻ ሲሰጥ፣ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም፣ ከዚያም አልፎ ውጤቱ ከጎረቤት ሆስፒታል ጋር በስልክ ሲመሳከር አይቻለሁ። እኔ ይህን ከማጭበርበር ለይቼ አላየውም። የታካሚ ናሙና አንድ ጊዜ የሚሠራ ከሆነ ፓነሉም አንድ ጊዜ ይሠራ፤ የሌሊት ተረኛው ላይ ከደረሰ ተረኛው ይሥራው። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና የመጣ ናሙና ሞቆ ወይም ቀይ ሴሉ ፈርሶ ከደረሰም፣ ከመሥራታችሁ በፊት በመቀበያ ቅጹ ላይ ጻፉት።

በአንድ ዙር ከወደቃችሁ ምክንያቱን ማረም ግማሽ ሥራ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ውጤት የወሰዱትን ሰዎች መዝገብ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ የተጠራጠራችሁበትን ጠርታችሁ ደሙን እንደገና ውሰዱ። ስልክ ቁጥሩና ቀበሌው ናሙና በተቀበላችሁበት ቀን በትክክል ካልተጻፈ ግን ማንን ትጠራላችሁ?