መጀመሪያ የመመለሻችሁን ሰዓት ጻፉ

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?

ባለፈው ፒያሳ ሻይ ስንጠጣ «ጋሼ፣ ጥር ላይ ሐይቅ ወርደን ዓሣ ልናጠምድ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰው ሆነናል፣ እስቲ ይምከሩን» ስትሉኝ ዝም አልኩ። ንቄው አይደለም። የቆየ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። እዚያ ሁካታ መሀል የሚወራ ስላልሆነ ቤቴ ገብቼ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ ቀላል እንደሚመስል አውቃለሁ። ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንጠቆ ይገዛል፣ ትል ይቆፈራል፣ ሚኒባስ ኮንትራት ይያዛል፣ በቃ። እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት ውሃ ሥራ ላይ ነው። ምንጭ ሳጎለብት፣ ጉድጓድ ሳስቆፍር፣ ቧንቧ ስዘረጋ ነው የኖርኩት። ሰው በብርድ ቀን በቡድን ሆኖ ውሃ ዳር ሲሄድ ዕቅዱ እንዴት መሠራት እንዳለበት የተማርኩት ግን ሥራዬ ላይ አይደለም። አንድ ጊዜ ከሰው፣ አንድ ጊዜ ከራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ነበርኩ። አንድ አስተማሪያችን ጥር ላይ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ዋርፍ ወደሚባል ወንዝ ይወስድ ነበር። የሚጠመደው ዓሣ ግሬይሊንግ ይባላል። እኛ አገር የለም። መልኩ ብር የመሰለ ግራጫ ሆኖ የጀርባው ክንፍ ሲዘረጋ የጀልባ ሸራ ይመስላል፣ ክንፉ ላይ ደግሞ ቀላ ያለ ጠቃጠቆ አለው። እነሱ «የወንዙ እመቤት» ነው የሚሉት። የሳይንስ ስሙ ከጦስኝ የመጣ ነው፤ ገና ከውሃ ሲወጣ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል ስለሚባል። አስተማሪው ይህን ሲነግረኝ አንዱን ተቀብዬ አፍንጫዬ ሥር አደረግሁት። ስንት ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ደጋ ወጥቼ ጦስኝ ስረግጥ ያ ወንዝ ትዝ ይለኛል።

ለምን በብርድ ትሉ ይሆናል። እዚያ ትራውት የሚባለው ዓሣ በብርዱ ወራት ዕንቁላል ስለሚጥል አይነካም፣ ሕግ ነው። ግሬይሊንግ ግን የሚራባው ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ በፀደያቸው ነው። ስለዚህ ጥር ላይ ወፍሮና ጠንክሮ ይገኛል። ቅዝቃዜ አይበግረውም። በመንጋ ሆኖ ጠለቅ ያለው ውሃ ውስጥ፣ ወለሉ አጠገብ ይቆያል። አንዱን ካገኛችሁ ሌሎቹም እዚያው ናቸው ማለት ነው። ደግሞ ንጹሕና አየር የበዛበት ወራጅ ውሃ ካልሆነ አይኖርም። እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ይሄ ነበር፣ ለውሃ ሰው ይህ ዓሣ ምስክር ነው። የእኛን ወንዝ ቦርከናን እያሰብኩ ነበር የማየው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ስንት ቆሻሻ ተሸክሞ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ፤ ለዚህ ነው ለዓሣም ለመዋኛም ቦርከና እንድትሄዱ የማልመክራችሁ።

ወደ ዕቅዱ ልመለስ። አስተማሪው ረቡዕ ማታ ሁላችንንም ሰብስቦ አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አደረገ። ወረቀቱ ባዶ ነበር። መጀመሪያ የጻፈው የመነሻ ሰዓት መስሏችኋል? አይደለም። ከወረቀቱ ግርጌ ጀመረ። በእኛ አቆጣጠር «9 ሰዓት ተኩል፣ ሁሉም ሰው መኪናው ጋ» ብሎ ጻፈ። በጥር እዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ቆጠረ። ከሩቁ ቦታ እስከ መኪናው ስንት ደቂቃ ያስኬዳል፣ ዕቃ ለመሰብሰብ ስንት፣ ትኩስ ሾርባ የሚጠጣው ስንት ሰዓት። ወደ ላይ ወደ ላይ እየጻፈ የመነሻው ሰዓት ላይ የደረሰው መጨረሻ ነው። ቀጥሎ ሁለት ሁለት አድርጎ አጣመረን፣ ጠንካራውን ከጀማሪው ጋር። «ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ከሞላና ከደፈረሰ አንሄድም፣ ዓርብ ማታ እደውላለሁ» አለ። ክርክር አልነበረም።

ቅዳሜ ሄድን። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። እስከ ቀትር አንድ ዓሣ አልነካኝም። 9 ሰዓት ላይ ግን ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ ድንገት ጠለቀ። አወጣሁ። ደገምኩ፣ ሌላ። መንጋው እግሬ ሥር ነበር። ሦስተኛውን እየጎተትኩ ሳለሁ አስተማሪው መጣና «በቃ፣ ሰዓቱ ደርሷል» አለኝ። ለመንኩት። ዓሣውን ተቀብሎ ጎንበስ አለና ውሃው ውስጥ አፉን ወደ ላይኛው ወንዝ፣ ወራጁ ወደሚመጣበት አዙሮ በሁለት እጁ ደገፈው። ግሬይሊንግ ከታገለ በኋላ ቶሎ አቅም አያገኝም፣ ዝም ብለህ ከወረወርከው ይሞታል። ረጅም ጊዜ ጠበቀ። እጁ ቀልቷል። ዓሣው አንድ ሁለቴ ጭራውን አወዛወዘ፣ ከዚያ ሄደ። ሰውየው ቀና ብሎ ወደ ጓደኛዬ አመለከተኝ። ጓደኛዬ የዛፍ ሥር ላይ ተቀምጦ የጃኬቱን ዚፕ ለመዝጋት ይታገላል። ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውታል። አጠገቤ ነበር፣ ጥንዴ ነበር፣ አላየሁትም። ዓሣ ነበር የማየው።

አሁን ወደራሴ ጥፋት ልምጣ።

ከተመለስኩ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ ባልደረቦቼንና የአንዳንዶቹን ልጆች ይዤ ሐይቅ ወረድን። ዘጠኝ ነበርን። 1 ሰዓት ልንነሳ ተቀጣጥረን አንዱን ስንጠብቅ፣ ሌላው ዳቦ ሊገዛ ሲል፣ ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ሲል 4 ሰዓት ሆነ። የመመለሻ ሰዓት የተናገረ ሰው አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም፣ ዮርክሻየር ላይ ያየሁትን እያወቅኩ። እስከ 9 ሰዓት ዓሣ የለም። ከዚያ ቆሮሶው፣ ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ፣ መብላት ጀመረ። ሁሉም ሞቅ አለው። 10 ሰዓት አካባቢ ነፋስ ተነሳ፣ ውሃው መናወጥ ጀመረ፣ ብርዱም ወረደ። አንዱ «ጋሼ፣ አንሄድም?» አለኝ። «አንድ አንድ እንጨምር» አልኩ። ይችን ቃል እኔ ነኝ ያልኳት።

የ17 ዓመት ልጅ ታንኳ ጠርዝ ላይ ሆኖ ሸምበቆ የያዘበትን መንጠቆ ሊያላቅቅ ሲንጠራራ ወደቀ። ሐይቅ ዳሩን አይታችሁ አትመኑት፤ ጥልቅ ሐይቅ ነው፣ መሀሉ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ዳሩም ቦታ ቦታ ላይ በድንገት ነው የሚጠልቀው። ከነጃኬቱና ከነጫማው ነበር። አንድ የአካባቢው አጥማጅ ደርሶ ጎትቶ አወጣልን። ቅያሪ ልብስ ማንም አልያዘም። ሾፌሩ ምሳ ልብላ ብሎ ከተማ ገብቷል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሞባይል የለም። ልጁ እርጥብ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርበንለት ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ መንቀጥቀጡ ቆመ። እኛ «ተመስገን፣ ሞቀው» አልን።

ልጆች፣ ይህን ያዙልኝ። በብርድ የተመታ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ከቆመ ባሰበት ማለት ነው። ሰውነቱ ሙቀት ለመሥራት አቅም አጥቷል። ቀጥሎ ንግግሩ ይንተባተባል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። እሱም እንደዚያው ሆነ። እርጥቡን ልብስ ሙሉ በሙሉ ማውለቅ፣ ማድረቅ፣ በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሰው አቅፎት መቀመጥ፣ በደንብ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ትኩስ ስኳር የበዛበት ሻይ መስጠት፣ ቶሎም ሐኪም ጋ ማድረስ ነበረብን። አረቄ አይሰጥም። የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የደም ሥርን ከፍቶ የቀረችውን ሙቀት ነው የሚያስወጣው። እጅ እግሩንም አታሹት። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። መኪናው ሲመጣ ጨልሟል። ከሐይቅ ወደ ደሴ ሽቅብ ነው፣ በወጣን ቁጥር ይበርዳል፤ ቦሩ ሜዳ ላይ መስኮቱ በትንፋሻችን ጉም ለብሶ ነበር። ሐኪም ቤት አድርሰነው አደረና ዳነ፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። እናቱ ግን ያን ማታ ሐኪም ቤት በር ላይ አግኝታኝ «ጋሼ፣ እኔኮ እርስዎ አሉ ብዬ ነው የላክሁት» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም።

እንግዲህ የእናንተን ወረቀት አብረን እንሥራው፣ ከግርጌው እንጀምር። ጥር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የምትጠልቀው። ደሴ በብርሃን መግባት አለባችሁ። ስለዚህ 9 ሰዓት ተኩል መንጠቆ ይሰበሰባል፣ 10 ሰዓት መኪና ውስጥ። ዓሣው ያን ጊዜ መብላት ቢጀምርም። በተለይ ያን ጊዜ ቢጀምር። ሰዓቱን የሚጠብቅ አንድ ሰው ምረጡ፣ ባይሆን ዓሣ የማያጠምድ ይሁን። እሱ «በቃ» ሲል ጋሼም ቢሆን አይከራከርም።

ጠዋት አትጣደፉ። ግሬይሊንግ ብርድ የለመደ ዓሣ ነው፣ ቆሮሶ ግን የሙቅ ውሃ ልጅ ነው። በውርጭ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ውሃ ዳር ደርሳችሁ ብትንቀጠቀጡ ትርፉ ድካም ነው። 2 ሰዓት ተኩል ከደሴ ተነሱ፣ ፀሐዩ ውሃውን ሞቅ ሲያደርገው ትደርሳላችሁ። የዘገየ ሰው ሩብ ሰዓት ይጠበቃል፣ ከዚያ ባጃጅም ባስም ይዞ ይከተል። ሾፌሩን ደግሞ ቀኑን ሙሉ አብሯችሁ እንዲውል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ምሳውን እናንተው ቻሉት። መንገዱ ሰላም መሆኑን ማታውን ጠይቁ።

ቀኑ ቅዳሜ ይሁን። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ አለ። ከጥምቀት በኋላ ያለው ቅዳሜ ጥሩ ነው፣ የገና ጾምም አልፏል። ምሳችሁ ዓሣው ራሱ ይሁን። እኛ ወሎዎች ሥጋ ላይ ትሪያችን ይለያያል፣ የእስላም አለ፣ የክርስቲያን አለ። ዓሣ ግን ባራኪ አያስፈልገው፣ ከአንድ ትሪ እጃችንን እንሰዳለን። ያን ትሪ ዙሪያ መቀመጥ እኔን የሚናፍቀኝ ነገር ነው። ዓሣ ባይያዝስ? በሶና ቆሎ ያዙ፣ ሻይ በፔርሙዝ።

የአካባቢውን አጥማጆች ሳታነጋግሩ ውሃው ላይ አትውጡ። እንጀራቸው ነው። የዓሣ ሀብትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ታንኳ የሚወጣ ሰው የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ካላገኘ ከዳር ያጥምድ። ዋና እችላለሁ የሚል ይኖራል፤ ያ ልጅም ዋና ይችል ነበር። ባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ አካባቢው ቢልሃርዚያ አለው። ለሁሉም ሰው አንድ አንድ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ተጠቅልሎ መኪና ውስጥ ይቀመጥ፣ ካልሲም ጭምር። ገዳሙን እንይ የምትሉ ካላችሁ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ነውና ማየቱ መልካም ነው፤ ግን ሴቶች አይገቡም። እህቶቻችሁን ውጭ አቁማችሁ ወንዶቹ ብቻ የምትገቡበት ቀን አታድርጉት፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ትንንሹን ዓሣ መልሱ። የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏንም ጫጩቶቿንም አፏ ውስጥ ነው የምትይዘው፤ አፏን ስትከፍቱ ዕንቁላል ወይም ጫጩት ካያችሁ እጃችሁን አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቋት። ሐይቁ ደግሞ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፣ የገባበት ፌስታልና ሃይላንድ እዚያው ይቀራል። ይዛችሁ የሄዳችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ።

ጥንድ ጥንዳችሁን ሐሙስ ማታ ጻፉና ላኩልኝ። ማን ከማን ጋር እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። ወረቀቱንም ከግርጌ ጀምራችሁ ጻፉት። ዋና የማይችለውን ከእኔ ጋር አድርጉት። ትሉን እኔ አመጣለሁ፣ ጓሮዬ እርጥብ ነው።