ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የተረጨ ቲማቲምና እርግዝና

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ባለቤቴ ቲማቲም ያለማል፤ ለተባይና ለፈንገስም በየጊዜው ይረጫል። ፍሬው ላይ ቢጫ ቀረሽ ዱቄት አያለሁ። በሳሙና ባጥበው ወይም ባበስለው ይለቃል? ከርጭት በኋላ የቅጠሉ ጫፍ መቃጠሉም አስፈርቶኛል።

መልስ፦ ቲማቲም መብላትዎን አይተዉ። ይልቁንስ እኔ ልጠይቅዎትና፣ የባለቤትዎን የርጭት ልብስ የሚያጥበው ማን ነው? በአንድ ኪሎ ቲማቲም ላይ የሚገኘው ቅሪት ቢበዛ በሚሊግራም የሚቆጠር ነው፤ በርጭት የራሰ ልብስ ግን ከዚያ እጅግ የበዛ ይይዛል፣ በቆዳም ይሰርጋል። እስኪወልዱ ድረስ ልብሱን ሌላ ሰው ጓንት አድርጎ፣ ከቤተሰቡ ልብስ ለይቶ ይጠብ። አዲስ የተረጨ ማሳ ውስጥም አይግቡ።

ያዩት ዱቄት እንደ ማንኮዜብ ያለ ፀረ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ከልጣጩ ላይ ስለሚቀር በሚፈስ ውኃ በእጅዎ እያሹ ሲያጥቡት አብዛኛው ይለቃል። ሳሙናው ይቅር፤ ፍሬው በተቀጠፈበት በኩል ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሳይታጠብ ማብሰል ደግሞ የባሰ ነው፤ ማንኮዜብ ሲሞቅ ኤቲሊን ታዮዩሪያ የሚባል፣ የታይሮይድ ዕጢን የሚጎዳ ውህድ ይፈጠራል። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 እ.ኤ.አ. የማንኮዜብን ፈቃድ ያላደሰው ለፅንስ ባለው ስጋት ጭምር ስለሆነ፣ ባለቤትዎ ሌላ ቢመርጥ ደስ ይለኛል።

ተክሉ መጥጦ በውስጡ የሚያዘዋውረው እንደ ኢሚዳክሎፕሪድ ያለው ፀረ ተባይ ግን በማጠብም በመላጥም ተሟጦ አይወጣም። እሱን የሚቀንሰው ጊዜ ነው። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ቲማቲም በየጥቂት ቀኑ ስለሚደርስ ዛሬ ረጭቶ ነገ መልቀም ያጓጓል፤ ለቤትም ሆነ ለገበያ የሚለቀመው ግን ቀኑ ሲሞላ ብቻ ይሁን።

የቅጠሉን ነገር የግብርና ባለሙያ ቢያየው ይሻላል። መጠኑ ሲበዛ፣ መድኃኒቶች ሲደባለቁ ወይም በቀትር ፀሐይ ሲረጭ ቅጠል ይቃጠላል፣ አበባም ይረግፋል። ይህ ብቻውን ፍሬው መርዛማ ነው አያሰኝም፤ ሆኖም ባለቤትዎ መለኪያውን እንደገና ይመልከት።

ከረጨ በኋላ ቢያልበው፣ ምራቁ ቢዝረበረብ፣ ቢያስመልሰው፣ የዓይኑ ብሌን ቢጠብ፣ ጡንቻው ቢርገበገብ ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ልብሱን አውልቆ ገላውን በውኃና በሳሙና ይታጠብና ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የሚረዳው ሰው ጓንት ያድርግ፤ እርስዎ ግን አይንኩት። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ወይም ስሙን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሕክምናው የሚመረጠው በኬሚካሉ ዓይነት ነው።