የጠወለገ ሁሉ ውሃ አልጠማውም

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «ጀራንየም በሳምንት ስንት ቀን ውሃ ይጠጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። እዚሁ ሜሪላንድ ቤት ገዝታ ግቢዋን ማልማት የጀመረች ልጅ ናት። ክረምቱን ውጭ መሬት ውስጥ የሚያድረውን ጀራንየም ማለቷ ነው፣ የበረንዳውን አይደለም። ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ግን ትዝ እያለኝ የሚቆጨኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በአንድ ወገናችን ግቢ ያለቀው የጀራንየም መደብ ነው።

በመግቢያው መንገድ ዳር የተተከለው ሮዛን የሚባለው ዝርያ ነበር። አበባው ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሰማያዊ፣ መሐሉ ነጣ ያለ፣ ከጁን እስከ ውርጭ ድረስ የማያቋርጥ። እንግሊዝ አገር ሱመርሴት ውስጥ በግለሰብ ግቢ የተገኘ ዲቃላ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ2008 የዓመቱ ምርጥ ቋሚ ተክል ተብሏል። ዝርያ መምረጡንስ አውቀውበታል። ለሳሩ የተዘረጋው ስፕሪንክለር ግን በታይመር በየማለዳው ለ10 ደቂቃ ይረጫል፣ መደቡም አብሮ ይርሳል። አፈሩ ደግሞ ቤቱ ሲሠራ ማሽን እየተመላለሰ የደመደመው ቀይ ሸክላ ነው። ውሃው ወደ ታች ስለማይሰርግ ላዩ ሁልጊዜ ጭቃ፣ ከስሩ ደግሞ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ሥሩም ከዚያች ከጭቃዋ አልወረደም።

ጁላይ ላይ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ፣ ቀትር ላይም ይጠወልግ ጀመር። ባለቤቶቹ አዘኑለትና ማታ ማታ በጎማ ጨመሩለት። ብዙም ሳይቆይ ጠዋትም ቀና የማይል ሆነ። አንዱ ተክል ሲነቀል ሥሩ ቡናማ ነበር፤ በጣት ሲሳብ ቆዳው እንደ ካልሲ ሙልጭ ብሎ ወልቆ ውስጡ ያለው ክር ብቻ ይቀራል። ሽታው የረጋ ኩሬ ነው። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ነው፤ ሲያጥፉት ቀጭ ይላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ሲሞላው ሥሩ አየር ያጣል። አየር ያጣ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ውሃ መሐል ቆሞ ይጠወልጋል፤ ምልክቱ ከድርቅ አይለይም። እዚያው ግቢ አጥሩ ጥግ፣ ሜፕል ዛፉ ሥር ማክሮራይዘም የሚባለው ጀራንየም ነበር። ስፕሪንክለሩ አይደርስበት፣ ጎማ አይቶ አያውቅ፤ ግን ለምለም። ቅጠሉን ሲያሹት የሚሸተው እሱ ነው። መሬት ለመሬት የሚሄደው ወፍራም ግንዱ ስንቁን ስለሚይዝ ከዛፍ ጋር ተሻምቶም ይኖራል። እንዲህ ዓይነት ጥላና ደረቅ ቦታ ካላችሁ እሱን ትከሉ።

ከመንገዱ ዳር የተረፉት ግማሽ ሥራቸው ነጭ የነበሩት ናቸው። የበሰበሰው በመቀስ ተቆረጠ፣ መደቡ ኮምፖስት ተደባልቆበት ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ አለ፣ በመደቡ በኩል ያለው የስፕሪንክለር አፍ ተደፈነ፣ ሴፕቴምበር ላይ ተመልሰው ተተከሉ። ሌላው ሁሉ ተጣለ።

ስለዚህ ቀን አትቁጠሩ። ካቻቪቴ አፈሩ ውስጥ ውጉ። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል በቀላሉ ከገባ ውሃ አለ፤ አምስት ላይ ከቆመ አጠጡ። ጠዋት ጠውልጎ ካገኛችሁት ጠምቶታል ማለት ነው፣ አፈሩ እርጥብ ካልሆነ በቀር። ቀትር ጠውልጎ ማታ ቀና ካለ ግን ሙቀቱ ነው፤ ተዉት። የዘንድሮ ልጆች ለሁሉም ነገር አፕ አላችሁ፣ አፕ ደግሞ የእናንተ ግቢ ሸክላ ይሁን አሸዋ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በአንድ ነገር ግን ከእኛ ትውልድ ትሻላላችሁ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ታነባላችሁ።

ቀን አትቁጠሩ አልኩ እንጂ አዲስ የተተከለውን መቁጠር ግድ ነው። ሥሩ ገና ከተገዛበት የአበባ ድስት ቅርጽ ስላልወጣ ዙሪያው እርጥብ ሆኖ እሱ ሊደርቅ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በየሁለትና ሦስት ቀኑ፣ ከዚያ በኋላ እስከ መጀመሪያው ውርጭ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በደንብ አርሱት። በደንብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ባዶ የቱና ቆርቆሮ ስፕሪንክለሩ ሥር አስቀምጡና ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል እስኪሞላ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ያዙ፤ አብዛኛው ሰው ባየው ነገር ይደነግጣል። ሸክላ ላይ በአንድ ጊዜ አታፍስሱት። ውሃው ማቆር ሲጀምር አቁሙ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ቀጥሉ። ሰዓቱ ማለዳ፣ ቦታው ከሥሩ ነው። ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ የፈንገስ በሽታ ይጠራል።

ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ ፀደይ ላይ ምንም አትስጡት፤ የኤፕሪል ዝናብ ይበቃዋል። ችግሩ ጁላይና ኦገስት ናቸው። እኛ ሐምሌን የምናውቀው ሲዘንብ ውሎ ሲያድር ነው፣ ዘንቧል ካልን ዘንቧል። እዚህ ያለው የጁላይ ዝናብ ግን ሃያ ደቂቃ ወርዶ በደረቀው መሬት ላይ ተንሸራትቶ ወደ መንገድ ይሄዳል። ዘነበ ብላችሁ አትዘናጉ፣ ካቻቪቴውን ውጉ። አምስት ሳንቲ ሜትር የእንጨት ፍርፋሪ አልብሱት፣ ግን ተክሉ ከመሬት ከሚወጣበት አንገት አራት ጣት አርቁት፤ ከነካው እዚያው ይበሰብሳል። እንደ ማግኒፊከም ያለ አንድ ጊዜ አብቦ የሚያቆመውን ዝርያ፣ አበባው ሲያልቅ እስከ መሬቱ ድረስ እጨዱትና ለእያንዳንዱ ተክል 10 ሊትር ያህል ስጡት። ሳይጠጣ ከታጨደ ቡቃያው ይሰንፋል።

አዲስ አበባ በረንዳ ላይ እናቶቻችን የሚያሳድጉት ጀራንየም ሌላ ነው፣ ፔላርጎንየም ነው፤ ዘሩ ከደቡብ አፍሪካ ነው። እሱ ከውሃ እስከ ውሃ መድረቅ ይወዳል፣ ውርጭ ከነካው ደግሞ አለቀለት። የሱን አጠጣጥ ለዚህኛው አታውርሱ።

ኦክቶበር ላይ መጠኑን ቀንሱ እንጂ አታቁሙ፣ ሥሩ ከቅጠሉ በኋላ ነው የሚተኛው። መሬቱ ሲደነድን እዚህ ሜሪላንድ ስፕሪንክለሩን ዘግታችሁ ተዉት። መሬቱ እየቀዘቀዘ እየቀለጠ ተክሉን ወደ ላይ ካወጣው በእግር ረገጥ አድርጉት። ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ግን ነገራችሁ ሌላ ነው። እዚያ ክረምቱ ደረቅ ነው፤ ከኦክቶበር እስከ ማርች በረዶ ሳይጥል ወር ከሆነው፣ አየሩ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ አጠጡ። ድስት ውስጥ ያለውንም የትም ብትሆኑ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እዩት። አፈሩ በረዶ ካልያዘና ከደረቀ ግማሽ ሊትር ያህል ስጡት፣ ከሥሩ የሚቀመጠውን ሳህን ግን አንሱ።