ከመንግሥት ጠበቃነት ወደ ግል የኢሚግሬሽን ቢሮ፦ ምን ይቀድማል?

«በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥትን ወክዬ ለዓመታት ተከራክሬያለሁ፤ አሁን የራሴን ቢሮ ልክፈት ወይስ ልቀጠር እያልኩ ነው፤ ከምን ልጀምር?» ላሉት ጠያቂ፦

ከቢሮ ኪራይና ከማስታወቂያ በፊት የሥነ ምግባሩን ጉዳይ ይጨርሱ። እዚህ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ከጥብቅና ፈቃድ አልፎ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

አሁን በያዙት መዝገብ ላይ በተቃራኒው ወገን ከቆመ ጠበቃ ጋር ስለ ቅጥር መደራደር አይፈቀድም። መዝገቡን መጀመሪያ ለሌላ ያስረክቡ፣ ማስረከብዎንም በጽሑፍ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ይነጋገሩ። ማመልከቻ መላክ ራሱ እንደ ሥራ ፍለጋ ስለሚቆጠር «ገና አልተስማማንም» የሚለው መልስ አያድንም።

ከለቀቁ በኋላ የሚገዛዎት የፌዴራሉ ሕግ ርዕስ 18 አንቀጽ 207 ነው። በራስዎ እጅ፣ በቁም ነገር በተሳተፉበት መዝገብ ላይ ለደንበኛ ቆሞ መንግሥት ፊት መቅረብ መዝገቡ እስካለ ድረስ ክልክል ነው። በመጨረሻው የሥራ ዓመትዎ በኃላፊነትዎ ሥር የነበረ፣ ግን እርስዎ ያልነኩት መዝገብ ደግሞ ለ2 ዓመት ይታገዳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ነው። ይህ አንቀጽ የሚከለክለው መቅረብንና መነጋገርን ስለሆነ «ፍርድ ቤት ካልቀረብኩ ከጀርባ ሆኜ ወረቀቱን ባዘጋጅስ?» ይላሉ። የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 1.11 ግን መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር ውክልናውን ራሱን ይከለክላል። በትልቅ ቢሮ ውስጥ እርስዎን ከመዝገቡና ከክፍያው አግልሎ፣ ለመሥሪያ ቤቱም በጽሑፍ አሳውቆ ሌላ ባልደረባ ሊይዘው ይችላል። ብቻዎን ከሠሩ ግን የሚያስተላልፉለት ባልደረባ ስለሌለ ደንበኛውን መመለስ ነው።

የአንድ ቀን አጭር ቀጠሮ ላይ መቆም «በቁም ነገር መሳተፍ» ይባላል ወይ? እንደ ተሠራው ሥራ ይለያያል። ስለዚህ ከመልቀቅዎ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር ኃላፊ የጽሑፍ ምክር ይጠይቁ። የመዝገብ ዝርዝር ይዞ መውጣት ግን አይታሰብም፤ የጥገኝነት ጠያቂዎች ምስጢር አለበት። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ቀድሞ የነኩት መዝገብ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ሙሉ ስሙን፣ መዝገቡ የታየበትን ከተማና የቀጠሮዎቹን ቀናት ውል ከመፈራረም በፊት ይጠይቁ።

ቢሮ ውስጥ በሽርክና ከገቡ፣ እርስዎ መንግሥት ቤት እያሉ ቢሮው ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ፊት ቆሞ ካገኘው ገቢ መካፈል አይችሉም። የኢሚግሬሽን ቢሮ ገቢ በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚያ ስለሚመጣ መጀመሪያ ላይ ቋሚ ደመወዝ ይሻላል።

ገንዘቡ ላይ ጠበቅ ይበሉ፤ መንግሥት ቤት የደንበኛ ብር ይዞ የሚያውቅ የለም። ለምሳሌ በ6,000 ዶላር ተዋውለው 2,000ውን አስቀድመው ቢቀበሉ፣ በብዙ ግዛቶች ያልተሠራበት ገንዘብ የደንበኛው ነውና የአደራ ሒሳብ ውስጥ ይቀመጣል። ለማመልከቻ የሚከፈለው የመንግሥት ክፍያም እንዲሁ። በየወሩ የባንኩን መግለጫ፣ የራስዎን የሒሳብ መዝገብና የእያንዳንዱን ደንበኛ ቀሪ ያስተያዩ፤ ሦስቱ እኩል ካልመጡ ልዩነቱ ያን ቀን ይፈለግ። የኪራይ ቀን ሲደርስ «ነገ እመልሰዋለሁ» ብሎ ከአደራው መበደር ፈቃድ ያሳጣል።

የፌዴራል ሥራ ስለሆነ የአንድ ግዛት ፈቃድ በየትኛውም ከተማ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ይበቃል፤ በማስታወቂያዎ ላይ ግን የትኛው ግዛት ፈቃድ እንደሰጠዎት ይጻፉ።

ሌላው ለውጥ ይሄ ነው። የመንግሥት ጠበቃ ተዘጋጅቶ የመጣን ማስረጃ ይመረምራል፤ የግል ጠበቃ ማስረጃውን ከባዶ ይሰበስባል። የተፈራ ሰው ቃሉን በአንድ ቀጠሮ አይጨርስም፤ ለጥገኝነት ቃል 3 ወይም 4 ጊዜ መቀመጥ ያስፈልጋል። የጥገኝነት ማመልከቻ ደንበኛው አገር ከገባ 1 ዓመት ሳይሞላው መግባት ስላለበት ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ የመግቢያው ቀን ይሁን።

በመጨረሻም፣ የመንግሥት ጠበቆች በቀጠሮ ይፈራረቃሉ። እርስዎ ግን የደንበኛው ጠበቃ መሆንዎን ለፍርድ ቤቱ የሚያሳውቀውን ቅጽ፣ ኢ ኦ አይ አር 28ን፣ ካስገቡ በኋላ ደንበኛው ባይከፍልም እንኳ ዳኛው ሳይፈቅድ መውጣት አይችሉም። አንድ ሰነድ ብቻ ለማዘጋጀት ከተስማሙ የሚሞላው ኢ ኦ አይ አር 61 የተባለው ቅጽ ነው። ውሉ ላይም ሥራው የት እንደሚያበቃ፣ ይግባኝ እንደሚጨምርና እንደማይጨምር፣ ደንበኛው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ።